የእንግሊዝኛ ክበብ፦ ቁልፉ የጠፋበት ዓመት

መስከረም ላይ ዕቅዳችን ሰፊ ነበር። ክርክር፣ ድራማ፣ የግጥም ምሽት። ዓመቱን የበላው ግን ፕረዘንት ፐርፌክት (ያለፈውን ከአሁን ጋር የሚያያይዘው፣ በ"ሀቭ" ወይም "ሀዝ" የሚሠራው የግሥ ጊዜ) ነው። አልቆጭም።

ነገሩ የመጣው በቁልፍ ነው። ኅዳር ላይ የቁልፍ ያዣችን የድሬዳዋ ፀሐይ ከምታደርገው በላይ ፊቱ በላብ ተጠምቆ መጣ። "ቲቸር፣ አይ ሎስት ዘ ኪይ።" "ታዲያ አገኘኸው?" አልኩት። ግራ ገባው። "ሎስት" ብቻ ካልክ መጥፋቱን እንጂ አሁን ይኑር አይኑር አልነገርከኝም። "ሀቭ ሎስት" ካልክ እጅህ እስካሁን ባዶ ነው። "ዊ ሀቭ ሎስት ዘ ኪይ" ብለን ጽፈን ቁም ሣጥኑ ላይ ለጠፍን። መጻሕፍቱ ውስጥ ተቆልፈው ስለቀሩ ትምህርቱ ኒም ዛፉ ሥር በአፍ ሆነ።

አማርኛችን መንገዱን ግማሽ ድረስ ይሸኛል። "ባቡሩ መጥቷል" ሲባል ባቡሩ ጣቢያው ላይ አለ። ግን እኛ "ትናንት መጥቷል" ማለትም እንችላለን፤ እንግሊዝኛው "የስተርደይ" ከገባ "ሀዝ"ን ያስወጣል።

ዋናው ጣጣ አሉታው ነው። "ምሳ በልተሃል?" ቢሉን "አልበላሁም"። "ትናንት ምሳ በላህ?" ቢሉንም ያው "አልበላሁም"። እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል። "ሀቨንት ኢትን" ያለው ገና ሊበላ ይችላል፤ "ዲድንት ኢት" ያለው አልፎታል። ይህን ያስተማርኩት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በሳምቡሳ ነው። (ወጪው ከኪሴ።) ቁም ሣጥኑ ይሰበር ብዬ ለጻፍኩት ደብዳቤ መልስ አልመጣም። የትኛው "አልመጣም" እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

"ሐረር ሄደህ ታውቃለህ?" የሚለውን አንዷ "ዱ ዩ ኖው ጎ ሐረር?" ብላ በሳቅ ገደለችን። "ሀቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ሐረር?" ነው። "ጎን" ከተባለ ሰውየው እዚያው ጀጎል ቀርቷል፤ "ቢን" ከሆነ ደርሶ ተመልሷል። እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆና ሐረርን ያላየ ልጅ ስንት እንዳለ ያወቅኩትም በዚሁ ጥያቄ ነው።

"ሲንስ" እና "ፎር" አላስቸገሩም። ባቡሩ ድሬ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. 1902 መነሻ አድርገን በ"ሲንስ" ቆጠርን፤ ርዝመቱን ለ"ፎር" ሰጠን።

ግንቦት ላይ ቁልፉ ከልጁ ኮምፓስ ሳጥን ሥር ተገኘ። ማንም ሳያዘው እስክሪብቶ አውጥቶ ወረቀቱ ላይ "ሀቭ"ን ሰረዘና መጨረሻው ላይ "ኢን ኖቬምበር" ብሎ ጨመረ። ክርክሩና ድራማው ለከርሞ።