ዘሩ ለምን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይደርሳል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ድርቅ በመጣ ቁጥር የምትጽፉት ስለ እርዳታ ስንዴ ነው፤ እስቲ ስለ ዘርም ጻፉ። እኛ ራያ ቆቦ በማሽላ የምንተዳደር ሰዎች፣ የበልጉ ዝናብ ሲቀር በሚያዝያ የሚዘራው የአገሩ ማሽላ እንደማይሆን ድሮም እናውቃለን፤ ያኔ መሬቱን ገልብጠን በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይ ጤፍ እንዘራለን፣ እሱም ካልሆነ ሽምብራ አለ። ግን ደጋግሞ የሚዘራ ዘር ከየት ይምጣ? ጎተራው ባዶ ነው። የተሻሻለው ዘር ደግሞ የሚመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው!

በ2008ቱ ድርቅ በሬውን በርካሽ ሸጦ እህል በውድ የገዛ ብዙ ነው፣ ዝናቡ ሲመለስ በምን ይረስ? ዘሩ ከሰኔ በፊት ቀበሌ ይግባ። የከብት መኖም ከእህሉ እኩል ይታሰብልን።

አንድ ገበሬ፣ ከቆቦ