እማዬ፣ ከመፈረምሽ በፊት ይሄን አንብቢው

እማዬ፣

ፊውነራል ሆሙ፣ ቀብሩን የሚያስፈጽመው ድርጅት፣ የላከልሽ ወረቀት እኔም ጋ ደርሷል፤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ያንቺን ፊርማ የሚጠብቁት የጋሼ ሕጋዊ ሚስት ስለሆንሽ ነው። አንቺ ሳትፈርሚ አስከሬኑን አያቃጥሉም። ስለዚህ ማንም አያጣድፍሽ።

ስልክ ላይ «ሰው እንዴት ይቃጠላል?» ያልሽኝ ግን ከልቤ አልወጣም። እኛ የምናውቀው ፍትሐትና አፈር ማልበስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም የምታውቀው መቅበርን ነው። ቢከብድሽ አይገርመኝም። ንስሐ አባትሽንም አማክሪያቸው። ግን እማዬ፣ የፈለገው ጋሼ ራሱ ነው። ኑዛዜው ላይ በእጁ ጽፎታል፤ ላንቺም ስንት ጊዜ ሊነግርሽ ሲጀምር «ሟርት አታውራ» እያልሽ ታስቆሚው ነበር። እሱ ባንቺ እምነት ገብቶ አያውቅም፤ ጾምሽን አክብሮልሽ ነው የኖረው። አሁን ደግሞ የእሱን ቃል የማክበር ተራው ያንቺ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሐሳብሽ ከምትሥዪው እኔ የሚደረገውን ልንገርሽ። እንደ እንጨት ሜዳ ላይ የሚነድ ነገር አይደለም። ለብቻው ዝግ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሙቀቱ ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ ብረት አብራው ትገባለች፣ አብራው ትወጣለች፤ ከሌላ ሰው ጋር እንዳይምታታ። መጨረሻ የሚሰጡን አመድ የሚባለው የደቀቀ አጥንት ነው፣ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ገደማ። ደረቱ ላይ ያለችውን ፔስሜከር፣ የልብ ምቱን የምታስተካክለውን መሣሪያ፣ ግን ቀድመው ማውጣት አለባቸው፤ ባትሪዋ በሙቀት ትፈነዳለች። ቅጹ ላይ ስለሷ የሚጠይቅ ቦታ አለ፣ «አለው» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊበት፣ እንዳትረሺያት አደራ። ከዚያ በፊት ፊቱን አይተሽ መሰናበት ከፈለግሽ በኪራይ ሣጥን ያስተኙልሻል፤ ወታደር ስለነበረም ሣጥኑ ባንዲራ ይለብስለታል። እኔ ብታዪው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ ባለችው የብረት ሣጥን ውስጥ ዲዲ 214 የሚባል አለ፣ ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት በክብር መሰናበቱን የሚያሳይ። ጋሼ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ጠፍቷል። የጠፋው የጦር ሠራዊቱ ፋይል እስከ 1960 የተሰናበቱት ስለሆነ ከቬትናም የተመለሱትን አልነካም፤ እሱ ግን የጓደኞቹን አባቶች መከራ አይቶ ነበር። ያንን ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ። የሞት የምስክር ወረቀቱን ደግሞ ብዙ ኮፒ አዘዢ፤ ባንኩም ጡረታውም ኢንሹራንሱም ይጠይቁሻል።

ወታደራዊ ክብሩን በተመለከተ አትስጊ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ መብቱ ነው፤ ቤተሰብ ከጠየቀ ይመጣሉ። ቢያንስ ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች ይኖራሉ፣ አንዱ ከራሱ ከጦር ሠራዊቱ። የሚጠራቸው ፊውነራል ሆሙ ነው፤ ባንዲራውንም የሚያመጣልን እሱ ነው፣ በነጻ። አመዱ ሲቀመጥ ባንዲራው አይለብስም፤ ታጥፎ አጠገቡ ይሆናል። ከዚያ ወታደሮቹ ይዘረጉትና እንደገና ያጥፉታል፣ ቀስ ብለው፣ ከዋክብት ያሉበት ሰማያዊው ብቻ እስኪታይ ድረስ ሦስት ማዕዘን ያደርጉታል። በመለከት ታፕስ ይነፋል፣ በአሜሪካኖቹ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1862 የተዘጋጀች 24 ኖታ ብቻ ያላት ዜማ ናት። አንዳንዴ ነፊ ስለማይገኝ መለከቱ ውስጥ የተገጠመ ማጫወቻ ነው የሚያሰማው፤ ብታውቂ ቅር አይበልሽ፣ በሌሎችም ቀብር ያጋጥማል። ተኩስ ደግሞ ፈቃደኛ አርበኞች ከተገኙ ይኖራል፣ ሦስት ጊዜ ነው የሚተኮሰው፤ እንዳትደነግጪ።

መጨረሻ ላይ አንዱ ወታደር ፊትሽ ይንበረከካል። ባንዲራውን ጉልበትሽ ላይ አድርጎ፣ በፕሬዚዳንቱ፣ በጦር ሠራዊቱና ውለታውን በማትረሳ አገር ስም ይህን ባንዲራ ተቀበዪ ይልሻል። ዐይንሽን እያየ ነው የሚናገረው። እንግሊዝኛው ቢያመልጥሽ አጠገብሽ ነኝ፣ እነግርሻለሁ። ልቅሶ ከመጣሽ እንደ አገርሽ አልቅሺ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፤ ማንም አይቆጣሽም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጋሼ የሚያርፈው ለቀድሞ ወታደሮች በተዘጋጀው ብሔራዊ መቃብር ነው፤ ቦታው፣ መቆፈሩ፣ ድንጋዩ፣ ለዘላለም መጠበቁ ሁሉ ቤተሰብ ምንም አይከፍልበትም። የምንከፍለው የማቃጠያውንና የፊውነራል ሆሙን ነው፤ እሱን ለእኔ ተይው፣ ተጨቃጭቀን አንጨርስም። ሚስት ስለሆንሽ አንቺም እዚያው አጠገቡ የማረፍ መብት አለሽ። ይሄን የማነሳው እንድትከፊ አይደለም። ያሳሰበሽ «እኔም እቃጠላለሁ ወይ?» የሚለው እንደሆነ ስለገባኝ ነው። አትቃጠዪም። የእሱ አመድ መሬት ውስጥ ከገባ፣ አንቺ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ ወግሽ ፍትሐት ተደርጎልሽ፣ በሣጥን እዚያው መቃብር ውስጥ ማረፍ ትችያለሽ። ግን ከአሁኑ ማሳወቅ አለብን፣ ምክንያቱም አመዱ መሬት በመቀበር ፈንታ መቃብሩ ቦታ ባለው ግድግዳ ውስጥ ወዳለው ጠባብ ማስቀመጫ ከገባ ሣጥን አይበቃውም። አገር ቤት እናትሽ አጠገብ መቀበር እንደምትፈልጊም አውቃለሁ፤ እሱንም ንገሪኝ፣ የፈለግሽውን አደርጋለሁ፣ ዛሬ መወሰን የለብሽም። መሬቱን ብንይዝ ግን የሚቀርብሽ ነገር የለም።

ቅዳሜ እመጣለሁና ቅጹን አብረን እንሞላዋለን። እስከዚያ ስለ ቦታው ብቻ አስቢበት፣ መሬቱ ነው ወይስ ግድግዳው? ስትነግሪኝ ለፊውነራል ሆሙ እደውልና ቀኑን አስይዛለሁ።

ልጅሽ