«አላየውም» ማለት «አጸናሁት» ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ክልከላዎች ላይ የሚሰጡ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ሳያይ ሲመልሰው «ክልከላውን አጸና» ተብሎ ይጻፋል። አላጸናም። በሜሪላንድና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉና ስህተቱ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግራ መጋባቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። በእኛ አገር የሰበር አጣሪ ችሎት «አያስቀርብም» ሲል መዝገቡን አይቶ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አላገኘሁበትም ማለቱ ነው። የዋሽንግተኑ ፍርድ ቤት ግን አቤቱታውን ሲመልስ ስለ ጉዳዩ ትክክለኛነት የሚሰጠው አስተያየት የለም። ጉዳዩ እንዲታይ ከ9ኙ ዳኞች የ4ቱ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ የታችኛው ፍርድ ባለበት ይቆያል፣ ሌላ ምንም አይከተልም።

የሜሪላንድን ጉዳይ እንውሰድ። ግዛቲቱ በ2013 ባወጣችው ሕግ በስም የተዘረዘሩ ጠብመንጃዎችንና የእነሱን ቅጂዎች ከለከለች። ቅጂ የሚባለው፣ ለምሳሌ፣ ጥይቱ በኋላ በኩል መሐሉ ላይ የሚመታ፣ ካዝናው (የጥይት መያዣው) የሚነቀል ከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃ ሆኖ ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ያሉበት ነው፦ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ የቦምብ ወይም የብርሃን ማስወንጨፊያ፣ የአፈሙዝ ብልጭታ መቀነሻ። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ29 ኢንች ያነሰ ከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃም እንደዚሁ ክልክል ነው። ሜሪላንድን ጨምሮ የአምስት ግዛቶችን ይግባኝ የሚያየው የአራተኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ሕግ ኦገስት 6 ቀን 2024 በሙሉ ችሎት 10 ለ5 አጸናው። ከሳሾቹ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጁን 2 ቀን 2025 አቤቱታቸው ተመለሰ። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ቶማስ፣ አሊቶና ጎርሰች ይታይ ብለው ነበር። ዳኛ ካቫኖው አቤቱታው እንዲመለስ ቢስማሙም ለብቻቸው በጻፉት ማብራሪያ የሜሪላንድ ፍርድ አጠያያቂ መሆኑን ገልጸው፣ ፍርድ ቤቱ ኤአር-15 የተባለውን ከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃ የሚመለከተውን ጥያቄ በሚቀጥለው አንድ ወይም ሁለት የሥራ ዘመን ማየት እንዳለበትና እንደሚያየውም አመለከቱ። ሦስት ድምፅና አንድ እንዲህ ያለ ማብራሪያ የተገኘበትን ውሳኔ «አጸና» ብሎ መጻፍ አንባቢን ተቃራኒ መንገድ ላይ መምራት ነው።

ሁለተኛው ነገር የቃል ጉዳይ ነው። ሕጉን «እገዳ»፣ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝም «እግድ» ስንል «እገዳው ታገደ» የሚል አርዕስት ይወጣል፤ ማን ምን እንዳገደ አይታወቅም። ሕግ አውጪው የሚያወጣውን «ክልከላ»፣ ፍርድ ቤት የሚሰጠውን «እግድ» ብትሉ ብዙ ነገር ይጠራል። እግዱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነውና፦ አንዱ ሕጉ እንዳይፈጸም የሚያግድ፣ ሌላው ይግባኝ እስኪታይ ድረስ የሥር ፍርዱ እንዳይፈጸም የሚያግድ። ሁለተኛው ሲሰጥ ክልከላው ወዲያው ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል የካሊፎርኒያ ክርክር ያሳያል። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና የሚከለክለውን ሕግ አንድ የፌዴራል ዳኛ ማርች 29 ቀን 2019 ሻሩት። ሰዉ ለአንድ ሳምንት ያህል ካዝና ሲገዛ ከቆየ በኋላ ዳኛው ራሳቸው ፍርዳቸውን ከኤፕሪል 5 ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ አገዱት፤ በዚያች ሳምንት ለገዙት ግን ጥበቃው ሳይታገድ ቆየ። በማግሥቱ የገዛ ሰው የተሻረ ሕግ መስሎት የጸና ሕግ ጣሰ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ወደ ላይ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ዳኛው በ2023 እንደገና ሻሩት፤ በመጨረሻ የካሊፎርኒያን ይግባኝ የሚያየው የዘጠነኛው ምድብ ፍርድ ቤት ሰፊ ችሎት ማርች 20 ቀን 2025 7 ለ4 ሕጉን አጸናው። በዚያ ምድብ ሰፊ ችሎት የሚሰየመው ከዋና ዳኛውና በዕጣ ከሚወጡ 10 ዳኞች ነው፤ ስለዚህ የድምፁ ቁጥር ብቻውን ስለ ጠቅላላው ፍርድ ቤት አይናገርም።

በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሚሰየመው የሦስት ዳኞች ችሎት ፍርድም በተነገረበት ቀን ሥራ ላይ አይውልም። ተሸናፊው ግዛት ከሆነ እንደገና ይታይልኝ ለማለት 14 ቀን አለው፤ ካልጠየቀ ከ7 ቀን በኋላ ትእዛዙ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይወርዳል። ጠየቀ ማለት ደግሞ ጊዜው ይራዘማል ማለት ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ስንገባ፣ ብሩን በተባለው መዝገብ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 ከሰጠው ፍርድ ወዲህ መመዘኛው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የተከለከለው ነገር መሣሪያ የመያዝ መብትን በሚደነግገው፣ በ1791 በጸደቀው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ ቃል ውስጥ ይወድቃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከወደቀ፣ ክልከላው ከአገሪቱ የቆየ የመሣሪያ ቁጥጥር ልማድ ጋር እንደሚጣጣም ማስረዳት የመንግሥት ግዴታ ይሆናል። በ2024ቱ የራሂሚ ፍርድ እንደተባለው መንግሥት የዱሮ ሕግ መንትያ ማምጣት አይጠበቅበትም፤ መርሁ ከተመሳሰለ ይበቃል። ትልቁ ውዝግብ ያለው ግን በ2008ቱ የሄለር ፍርድ የተነገረው «በብዙኃኑ የተለመደ መሣሪያ» የሚለው ሐሳብ በየትኛው ደረጃ ይታያል በሚለው ላይ ነው። በመጀመሪያው ከሆነ የማስረዳት ሸክሙ በከሳሽ ላይ ይወድቃል፤ በሁለተኛው ከሆነ በመንግሥት ላይ። ብዙ መዝገብ የሚሸነፈው እዚህች ላይ ነው፣ ዜና ውስጥ ግን አትገባም። አራተኛው ምድብ ኤአር-15 ለጦርነት የተሠራ ስለሆነ ከመነሻው ከጥበቃው ውጭ ነው አለ። ዘጠነኛው ደግሞ ትልቅ ካዝና መለዋወጫ እንጂ «መሣሪያ» አይደለም አለ። ሁለቱም ታሪካዊውን ልማድ አክለው አይተዋል። በእኔ እምነት «ብዙ ሰው ስለገዛው ብቻ ጥበቃ ያገኛል» የሚለው ክርክር ደካማ ነው፤ ሕግ አውጪው ከዘገየ መብቱ ራሱን በራሱ ፈጠረ ማለት ይሆናልና። የካዝናው ምክንያትም ቢሆን አያረካኝም፤ ያለ ካዝና የሚፈለገውን ሥራ የማይሠራ መሣሪያ ላይ ካዝናን ነጥሎ ማየት ይከብዳል።

የኢሊኖይ ዜናም ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኢሊኖይን ይግባኝ የሚያየው ሰባተኛው ምድብ፣ ግዛቲቱ ከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃዎችንና ትልልቅ ካዝናዎችን በከለከለችበት ሕግ ላይ በኖቬምበር 2023 የወሰነው ክርክሩ እስኪያልቅ ሕጉ ይታገድ ወይስ አይታገድ በሚለው ላይ ብቻ ነበር። በኖቬምበር 2024 የሥር ዳኛው በሙሉ ክርክር ሕጉን ሻሩት፤ በቀጣዩ ወር ይግባኝ ሰሚው ያንን ፍርድ አገደው። ስለዚህ «ተሻረ» የሚለውን ዜና ያነበበ ሰው የዲሴምበሩን ዜና ሳያነብ ወደ መሸጫ ሱቅ ቢሄድ ክልከላው እንዳለ ያገኘዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 27 ቀን 2025 ከሰጠው ፍርድ ወዲህ ደግሞ የፌዴራል ዳኛ የሚሰጠው እግድ በመሠረቱ ለከሳሾቹ የተሟላ መፍትሔ ከሚያስፈልገው ማለፍ የለበትም፤ ክሱ በእነማን ስም እንደቀረበ መጻፍ ግድ ሆኗል።

የሜሪላንዱ ዜና በእኔ ግምት እንዲህ ቢወጣ ትክክል ይሆን ነበር፦ «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ሳያይ መለሰ፤ የአራተኛው ምድብ ፍርድ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ላሉ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ሆኖ ይቆያል»።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ