ገመናችን ቢሆንም ይጻፍ፦ እኛ መስማት የተሳነን ሰዎች እርስ በርስ ስንናናቅ

ውድ አዘጋጅ፣

መስማት ስለተሳነን ሰዎች የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ታሪኩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የሚሰማው ይበድላል፣ እኛ እንበደላለን። ሐኪም ቤት አስተርጓሚ የለም፣ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የለም፣ ቀጣሪው ማመልከቻችንን አይቶ ፊቱን ያዞራል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ ይኸው ስንት ዓመት ነጎደ፤ ሥራ ፍለጋ ስንሄድ ግን ዛሬም የሚጠብቀን ከንፈር መምጠጥ ነው። እውነት ነውና ጻፉት፣ ደጋግማችሁ ጻፉት። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ማንም ሲያነሳው ስላላየሁት ነገር ነው። እኛው በእኛው ላይ ስለምናደርገው።

በመካከላችን ደረጃ አለ። የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ከላይ የሚቀመጠው በአፉ የሚናገርና አማርኛ አሳምሮ የሚጽፍ ነው። ቀጥሎ ከልጅነቱ ከተማ ውስጥ ተምሮ በምልክት ቋንቋ የተካነው ይመጣል። በከፊል የሚሰማው መሀል ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰሚዎቹ "አይሰማም" ይሉታል፣ እኛ ደግሞ "ይሰማል፣ የእኛ ወገን አይደለም" እንለዋለን። ከሁሉም በታች ደግሞ ካደገ በኋላ ከገጠር የመጣው፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠው፣ ከቤተሰቡ ጋር በፈጠረው ምልክት ብቻ የሚግባባው አለ።

እኔ ማጅራት ገትር ይዞኝ መስማት ያቆምኩት ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ነው። ስለዚህ እናገራለሁ። ምንም አልለፋሁበትም፣ በሽታው ትንሽ ዘግይቶ ስለመጣ ብቻ ነው። ስብሰባ ላይ ግን ወንበር የሚለቀቀው ለእኔ ነው፤ ወደ መንግሥት ቢሮ ሰው ሲላክ የሚላከው እኔን የመሰለ ነው። ከእኔ ይልቅ አስተዋይ የሆነው፣ በምልክት ሲያወራ ዓይን የማይነቀልበት ጓደኛዬ ድምፅ ስለማያወጣ ከኋላ ይቀመጣል። አንጀቴን ያቃጥለኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ (እ.ኤ.አ. በ2008) ቆየ እኮ፤ ዩኒቨርሲቲ ያከበረውን ቋንቋ እኛ ባለቤቶቹ ከአፍ ንግግር አሳንሰን እናያለን።

ይሄ ነገር ዝም ብሎ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ፣ መስማት የተሳነው ልጅ መማር ያለበት በንግግር ነው ብለው ወሰኑ፤ ጣጣው ለብዙ አገር ተረፈ። እኛም ጋ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል በድምፅ ያወጣ ልጅ ሲጨበጨብለት፣ በምልክት ሙሉ ታሪክ የተረከው ደግሞ ዝም ሲባል አይቻለሁ። ያ ልጅ አድጎ ተናጋሪውን ቢፈራው፣ ወይም ተገልብጦ ቢጠላው ምን ይገርማል?

መጥላቱም አለና። "አንተ የሰሚዎቹ ነህ፣ ሂድ ከእነሱ ጋር አውራ" የሚባል አለ። ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። አሜሪካ፣ መስማት ለተሳናቸው በተቋቋመው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ተማሪዎቹ "መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት አሁኑኑ" ብለው ግቢውን ዘግተው አሸነፉ። የተሾመላቸው ኪንግ ጆርዳን መስማት ያጣው በ21 ዓመቱ በሞተር ሳይክል አደጋ ነው፤ ያኔ ደስታው የሁሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ራሷ መስማት የተሳናት ሆና በንግግር ያደገችውና የምልክት ቋንቋን አዋቂ ሆና የተማረችው ጄን ፈርናንዴስ ለፕሬዚዳንትነት ስትመረጥ ሌላ ተቃውሞ ተነሳ። የተቃውሞው ምክንያት ብዙ ነበር። እሷ ግን በቂ መስማት የተሳናት አይደለችም ተብዬ ነው አለች፤ ክርክሩ ማኅበረሰቡን ከፈለው፣ በመጨረሻም የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሹመቱን ሰረዘ። እነሱ ቢያንስ በአደባባይ ተከራከሩበት። እኛ በየካፌው ጥግ እናብሰለስለዋለን።

ለምን ይህን ያህል ያሳስበኛል? አብዛኞቻችን የተወለድነው ከሚሰሙ እናትና አባት ነው። የሚሰማ ልጅ ቋንቋውን ከእናቱ ጉያ ያገኛል። እኛ የምናገኘው እርስ በርሳችን ነው፤ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በምልክት ቋንቋ አገልግሎት በሚሰጥበት ቤተ ክርስቲያን፣ እሑድ ከሰዓት ካፌ በረንዳ ላይ። አንዱን ከዚያ መሀል ፊት ነስተን ስንሸኘው ቋንቋ ነው የነሳነው።

ከሰሜን ሸዋ የመጣ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ወደ እኛ ይዞት የመጣው ወንድሙ ነው። ስምህን በጣት ፊደል ጻፍ አሉት። የእኛን የጣት ፊደል ለማታውቁ፣ ለእያንዳንዱ ተነባቢ አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ እንለያቸዋለን። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? ልጁ በቤቱ ምልክት ስለ በሬዎቹ ሊያወራ ሞከረ። ሳቁበት። አንዱማ ተነስቶ እጁን እያወናጨፈ አስመሰለው። ከዚያ ወዲያ ልጁ አልመጣም። ወንድሙን ብጠይቀው በስልኩ ላይ ጽፎ "እነሱም እንደ ሰፈር ልጆች ናቸው ብሎኛል" አለኝ። ሰፈር ውስጥ ሲሾፍበት የኖረ ልጅ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ ሊያርፍ ነበር።

ሥልጠና ሲመጣም ያው ነው። አበል ያለበት ሥልጠና ሲሆን የሚጠሩት ያው ፊቶች ናቸው፤ ዘንድሮም እነሱ፣ አምናም እነሱ። "ሌላው አይረዳውም" ይባላል። እንዴት ይረዳው? አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

ሐሜቱን ደግሞ ተዉት። ቁጥራችን ትንሽ ነው፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ኢሞ ላይ የተላከች አንዲት ቪዲዮ እስከ ማታ ድረስ ከተማውን ታዳርሳለች፣ በምልክት ስለሆነ የሚሰማ ቤተሰብ አይቶ እንኳ ነገሩ አይገባውም። በዚህ በጣም የሚጎዱት ሴቶቹ ናቸው። አንዲት እህታችን ታማ ክሊኒክ መሄድ ሲኖርባት አስተርጓሚ ይዛ መሄድ ፈርታ ሳምንታት ቆይታለች፤ አስተርጓሚዋ የሁላችንም ወዳጅ ስለሆነች ነገሩ ይወጣብኛል ብላ። አስተርጓሚዋ ምስጢር አታወጣም ይሆናል። ግን ፍርሃቱን የፈጠርነው እኛ ነን።

በየታክሲውና በየካፌው ወረቀት እያደሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ወገኖቻችን አሉ። የተማርነው "ስማችንን አጠፉት" ብለን እንሸሻቸዋለን፣ ሰላምታ እንኳን የማይሰጣቸው አለ። ወረቀት ማደሉን እኔም አልወደውም። ግን አንዱን ቁጭ ብላችሁ አናግሩት፤ ካናገርኳቸው መካከል ሠርቶ ያልተከፈለው፣ ከፋዩ "ምን ታመጣለህ" ብሎ ያባረረው አለ። እሱ ከእኛ ሌላ የት ሄዶ ያውራ?

በምልክቱም እንጣላለን። ከሆሳዕና የመጣው አንዱን ነገር በአንድ ዓይነት ምልክት ያሳያል፣ መካኒሳ የተማረው በሌላ፤ "የአንተ ስህተት ነው" ይባባላሉ። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣው ደግሞ የአሜሪካኑን እያሳየ የሁለቱንም ያጣጥላል። ቋንቋችን ራሱ ትምህርት ቤቶቹን የከፈቱ ሚስዮናውያን ካመጡት የአሜሪካና የሰሜን አውሮፓ ምልክት፣ እኛው ከጨመርንበት ጋር ተደባልቆ ያደገ ነው። ንጹሕ የሚባለው የቱ ነው?

ይህን ደብዳቤ አይተው የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። "ገመናችንን ለሰሚ አወጣህ፣ ነገ ቢሮ ስንሄድ 'መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ' ይሉናል" ይላሉ። ይሉናል፣ እውነታቸውን ነው፤ አሁንም እየተባልን ነው። ለዚያ ብለን ዝም ስንል ግን የሚጎዳው ከታች ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ አይችልም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የምልክት ቋንቋንና የመስማት የተሳናቸውን ባህል በስም ጠርቶ ያከብራል። ይህን አንቀጽ ይዘን በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ እንጠናለን። በምልክት ብቻ የሚያወራውን ወንድማችንን ስብሰባ ላይ ከኋላ አስቀምጠን በምን አፋችን ነው የምንጠይቀው?

የምለው ከባድ አይደለም። ማኅበራትና የቤተ ክርስቲያን ኅብረቶች በሳምንት አንድ ሰዓት አዲስ ለመጡት ቋንቋ ማስተማሪያ ያድርጉ፤ አስተማሪው ደግሞ የሚናገረው ሰው አይሁን፣ በምልክት የተካነው ይሁን። የሥልጠና ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ባለፈው የሄደ በሚቀጥለው ተራውን ይልቀቅ። ተናጋሪዎቹም ስብሰባ ውስጥ ድምፃችንን ትተን በእጃችን እናውራ፣ ያኔ ሁሉም እኩል ይከታተላል።

እናንተም አንድ ነገር አድርጉልኝ። ጋዜጠኛ ስትልኩ ቀላል ስለሆነ ብቻ እንደ እኔ ያለውን ተናጋሪ አታነጋግሩ። አስተርጓሚ ይዛችሁ ኑና ከኋላ የተቀመጠውን ጠይቁት፣ ጊዜ ስጡት፣ ፎቶውንም ከፈቀደ ከፊት አውጡት። አስተርጓሚ ካጣችሁ በጽሑፍ መልእክት አሳውቁኝ፣ እኔ አገናኛችኋለሁ።

መስማት የተሳነው አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ