የቤት ኮምፒውተር ከመጽዳቱ በፊት

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በቤት ኮምፒውተር የሚጠራቀሙ ጊዜያዊ ፋይሎችን ያለ ጉዳት ስለማጽዳት

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የማጠቃለያ ሥራዎች በሚሰበሰቡበት ወቅት ከመምህራን የሚደርሰኝ ሪፖርት አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው ሥራውን አላስረከበም፤ ለምን ሲባል «ኮምፒውተሩ ሞልቶ ስለነበር ቤት ውስጥ ጸዳ፣ ሥራዬም አብሮ ጠፋ» ይላል። ይህ ባዶ ሰበብ ቢሆን ኖሮ ከልጁ ጋር እንጨርሰው ነበር እንጂ ደብዳቤ አልጽፍላችሁም። የኮምፒውተር መምህራችን ሲያጣሩት ግን ብዙውን ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል። ልጁ የደከመበትን ሥራ ውሃ በላው፤ ያጸዳውም ሰው በቀና ልብ ነው ያጸዳው።

ስለዚህ አጽዱ፣ ማጽዳቱ ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚመጣው ከጊዜያዊ ፋይሎቹ አጠገብ የተቀመጠው የልጅ ሥራ አብሮ ሲጠረግ ነው።

ጊዜያዊ ፋይል ፕሮግራሞች ሥራ ላይ ሳሉ ለራሳቸው የሚይዙት ነገር ነው። ተማሪ በሒሳብ ፈተና ላይ ስሌቱን የሚሞነጫጭርበትን ወረቀት አስቡት፤ መልሱ ከተገለበጠ በኋላ ቢጣል ማንም አይጎዳም፣ እየሠራበት ሳለ ቢነጠቅ ግን ይጎዳል። አዲስ ፕሮግራም ሲጫን የተፈቱ ፋይሎች፣ ዎርድ በየጊዜው የሚይዘው የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ብሮውዘር ያስቀራቸው የድረ ገጽ ምስሎች፣ ከዝማኔ የተረፉ ፋይሎች ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። አብዛኞቹ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብረው መጥፋት ነበረባቸው። መብራት በድንገት ሲሄድ ወይም ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ሲቋረጥ ግን የሚያነሳቸው ስለማይኖር እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ።

ከጽዳቱ ተአምር እንዳትጠብቁ ልንገራችሁ። ዲስኩ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከሆነ ለውጡ ይታያል፤ ዝማኔ እምቢ ማለቱን ይተዋል፣ ፕሮግራሞችም ይተነፍሳሉ። ዲስኩ ገና ግማሽ ባዶ ከሆነ ግን ጊዜያዊ ፋይሎችን ማጥፋት ኮምፒውተሩን ፈጣን አያደርገውም። እንዲያውም የብሮውዘሩ ካሽ፣ ማለትም ያስቀራቸው የድረ ገጽ ምስሎችና ፋይሎች ክምችት፣ ሲጠፋ ድረ ገጾች መጀመሪያ ሲከፈቱ ይዘገያሉ፤ ምስሎቹ እንደ አዲስ መምጣት አለባቸውና። በየሳምንቱ ማጽዳት ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጆች ሥራቸውን የሚያጡበትን መንገድ ደግመን ደጋግመን ስላየነው በዝርዝር ልጻፈው። መምህሩ የመልመጃውን ፋይል በኢሜይል ወይም በታመቀ ዚፕ ፎልደር ይልካል። ልጁ ፋይሉን አስቀድሞ ወደ ራሱ ፎልደር ሳያወጣ እዚያው ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ያደርገዋል። ዎርድ ይከፈታል፤ ከላይ ቢጫ መስመር ይመጣል፤ ልጁ ለማረም የሚፈቅደውን ቁልፍ ተጭኖ መጻፍ ይጀምራል። አንዳንዱ ፕሮግራም በዚህ ጊዜ «ይህ ፋይል ለንባብ ብቻ ነው፣ በሌላ ስም አስቀምጥ» ይላል፤ ያ መልካም ዕድል ነው። ሌላው ግን ምንም ሳይናገር ያስቀምጥለታል። የሚያስቀምጠው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ነው። በማግስቱ ከቅርብ ጊዜ ፋይሎች ዝርዝር ላይ ሲከፍተው እንደነበረ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ሥራው በደህና ቦታ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ይጸዳል።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ፋይሉ በዎርድ እንደተከፈተ «ፋይል» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ኢንፎ» የሚለውን ብትጫኑ ከስሙ ሥር የተቀመጠበት ቦታ ተጽፎ ይታያል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ «ቴምፕ» ወይም «ካሽ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ «ሴቭ አዝ» በሚለው በኩል ዶክዩመንትስ ውስጥ በልጁ ስም ወደተከፈተ ፎልደር አዛውሩት። ይህን ልጁ ራሱ እንዲያደርገው፣ እናንተም አጠገቡ እንድትቀመጡ እመክራለሁ። የትኛው ፋይል የትኛው ትምህርት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው፤ «ዶክ1» እና «አዲስ2» ከሚሉ ስሞች የጂኦግራፊ ሥራ መለየት ለወላጅ ቀርቶ ለመምህርም ያስቸግራል።

ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ ከዚያ በፊት በድንገት ጠፍቶ ከነበረ ጽዳቱን አታስቀድሙ። መጀመሪያ ዎርድን ክፈቱ፤ ያልተቀመጠ ሥራ ካለ በመስኮቱ ጎን ዝርዝሩን ያቀርባል። ያ ቅጂ ለልጁ የመጨረሻው ተስፋ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሁሉንም ፕሮግራም ዝጉና ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» አድርጉት። አጥፍቶ ማብራት በቂ ይመስላል፤ ሆኖም በዊንዶውስ 10 እና 11 ፈጣን መነሻ የሚባለው አሠራር ሥራ ላይ ከሆነ ማጥፋት ሙሉ ማጥፋት አይደለም፤ የሲስተሙ ሁኔታ በከፊል ተይዞ ይቆያል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከአዲስ ያስነሳል፤ የተያዙ ጊዜያዊ ፋይሎችም ይለቀቃሉ።

አሁን «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ስቶሬጅ»፣ ከዚያም «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚሉትን በቅደም ተከተል ክፈቱ። ዝርዝር ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ፊት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን፣ በጎኑም የያዘው መጠን አለ። ጊዜያዊ ፋይሎች፣ ትንንሽ የምስል ቅጂዎችና ከዝማኔ የተረፉ ፋይሎች ያለ ስጋት ይጠፋሉ። «ዳውንሎድስ» የሚለውን ሳጥን ግን አትንኩት፤ ምልክት ካለበት አንሱት። ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው ጊዜያዊ ፋይል አይደለም፤ መምህራን የላኩት መጽሐፍ፣ ልጁ ያወረደው መልመጃ፣ የእናንተም ደረሰኝ እዚያ ነው ያለው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለእኔ እስካሁን አልገባኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በወጣው የዊንዶውስ 10 ዝማኔ «ዲስክ ክሊንአፕ» የሚባለው የቆየ ፕሮግራም ውስጥ ጭምር ገብቶ ነበር፤ ኋላ ከዚያ ወጥቷል። ያላደሳችሁት አሮጌ ኮምፒውተር ካላችሁ ይህን ልብ በሉ።

ሪሳይክል ቢን ከመጽዳቱ በፊት ተከፍቶ ይታይ። ከታናናሾቹ ልጆች አንዳንዶቹ «ለጊዜው» ብለው ሥራቸውን እዚያ እንደሚያስቀምጡ መምህራን ነግረውኛል። ሳቅ ያስመጣል፣ ግን እውነት ነው። «የቀድሞው የዊንዶውስ ጭነት» የሚል ካያችሁ ብዙ ጊጋባይት ይዞ ታገኙታላችሁ። እሱን ማጥፋት ወደ ቀድሞው ስሪት የመመለሻውን በር መዝጋት ነው፤ አዲሱ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ጉዳት የለውም፣ ካልሆነ ቆዩ። ዊንዶውስ ራሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ያነሳዋል።

ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበትን የቴምፕ ፎልደር በእጃችሁ ከፍታችሁ የምታጸዱም አላችሁ። ይቻላል። «ፋይሉ ሥራ ላይ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ «ስኪፕ» ብላችሁ እለፉት፤ በግድ ለማጥፋት አትታገሉ። ከዚያ ፎልደር አልፋችሁ ግን በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ በተለይ ሲስተም 32 የሚለውን፣ ምንም ያህል ቦታ ቢይዝ ተዉት።

በብሮውዘር በኩል ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ስትጫኑ የማጽጃው መስኮት ይከፈታል፤ በክሮምም፣ በኤጅም፣ በፋየርፎክስም ያው ነው። እዚያ የተቀመጡ ምስሎችንና ፋይሎችን ብቻ ምረጡ። ኩኪዎችን፣ ማለትም ድረ ገጾች ተጠቃሚውን የሚያስታውሱባቸውን ትንንሽ ፋይሎች፣ ካጠፋችሁ ልጁ ከገባባቸው ድረ ገጾች ሁሉ ይወጣል፤ የተቀመጡ ይለፍ ቃሎችን ካጠፋችሁ ደግሞ መመለሻው ይጠፋዋል። ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ በብሮውዘር ውስጥ የተጻፈ ሥራም ግንኙነቱ እስኪመለስ ድረስ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የድረ ገጹ መረጃ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የማክ ኮምፒውተር ያላችሁ በሲስተም ሴቲንግስ፣ «ጀነራል» ሥር «ስቶሬጅ» የሚለውን ተመልከቱ። ሪስታርት ማድረግና የቆሻሻ ቅርጫቱን አይቶ ባዶ ማድረግ ለአብዛኞቻችሁ ይበቃል።

«ኮምፒውተርዎ በቆሻሻ ተሞልቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ» እያሉ ብቅ የሚሉ ማስታወቂያዎችን አትመኑ፤ ልጆቻችሁም እንዳይጫኑ ንገሯቸው። ዊንዶውስ የራሱ ማጽጃ እያለው ሌላ ፕሮግራም የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም በሰፊው የታወቀው ሲክሊነር የተባለ የማጽጃ ፕሮግራም ራሱ በሰርጎ ገቦች ተበክሎ ጎጂ ኮድ ተሸክሞ ለብዙዎች ተሠራጭቶ ነበር። ስሙ የታወቀው እንዲህ ከሆነ ስሙን ሰምተን የማናውቀውማ ምን ይባላል?

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ሥራ ጠፍቶ ከተገኘ ኮምፒውተሩን መጠቀም ወዲያው አቁሙ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ካለ በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ሪስቶር» ማለት ይበቃል። ከዚያ ወጥቶ ከሆነ፣ በተለይ ኤስኤስዲ በሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ላይ፣ የመመለስ ተስፋው ጠባብ ነው። በተላኩ ኢሜይሎችና በፍላሽ ላይ ፈልጉ፤ ለመምህሩ ቀደም ብሎ የተሰጠ ረቂቅ ካለም ከእርሱ ዘንድ ይገኛል።

ሥራው በዚህ መንገድ የጠፋበት ተማሪ ከማስረከቢያው ቀን በፊት ለክፍሉ መምህር ካሳወቀ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ምክንያት ግን በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ወይም ማስታወሻ ካልቀረበበት ተቀባይነት የለውም፤ መምህራንም በዚህ ተስማምተዋል።

በራሳችሁ መሞከር የከበዳችሁ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ጋር ወደ ኮምፒውተር ክፍላችን ማምጣት ትችላላችሁ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ መምህሩ ከእናንተ ጋር ሆነው ያሳዩዋችኋል። ይለፍ ቃላችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በልጅ እጅ እንዳትልኩ አደራ፤ መጥታችሁ ራሳችሁ ክፈቱት።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር