የተቃጠለ ካርድ ከየት ይምጣ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የ9ኛ ክፍል አዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ወሎ ውስጥ በዚህ ሰሞን ተጧጡፏል። ወላጅ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ከኮፒ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሳል። ከሁሉም በላይ ሰው የሚጋፋው የካቶሊክ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። የምጽፈው ስለዚያ በር፣ በተለይም እዚያ ስለሚጠየቅ አንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው የውጤት ካርድ ነው። ዋናው ከነኮፒው መቅረብ አለበት፤ ማኅተሙ የሚነበብ፣ የርዕሰ መምህሩ ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ በደማቅ ቀለም «ያልተሟላ ማስረጃ አንቀበልም» ይላል። ሌላ ቦታ ቢሆን ማንም ቆሞ የማያነበው ተራ ማሳሰቢያ ነበር። ወሎ ውስጥ ግን በ2017 ዓ.ም. 8ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ 5ኛ ክፍል የነበረው በ2014 ነው።

2014 ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ ለወሎ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለሌላው አንባቢ ግን ላስታውስ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ደሴና ኮምቦልቻም በጥቅምት 2014 ተይዘው እስከ ኅዳር ማብቂያ ቆይተዋል። በእነዚያ ወራት ብዙ ትምህርት ቤት ካምፕ ሆኗል። ዴስኩ ተፈልጦ ተማግዷል፣ ኮምፒውተሩ ተጭኖ ሄዷል፣ መዝገብ ቤቱ ተበርብሯል። የእህቴ ልጅ የተማረችበት ከወልድያ ወጣ ብሎ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት ጣሪያው ሲተርፍ መዝገብ ቤቱ አልተረፈም። ዘበኛው እንደነገሩኝ ሮስተሩ፣ ማለትም የተማሪዎቹ የውጤት መዝገብ፣ ሻይ ማፍያ ሆኖ ነው ያለቀው። የተማሪዎቹ ካርድም እዚያው ካቢኔ ውስጥ ነበር፤ ዓመቱ ሲጀመር ከየተማሪው ተሰብስቦ መቀመጡ የተለመደ ነውና።

ልጅቱ እኔ ዘንድ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 መጨረሻ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ሲገባ ያም ትምህርት ቤት የ6ኛ ክፍል ካርዷን ሳይሰጣት ተዘጋ፤ እናቷ ከአንድ ቦርሳ ልብስ ጋር ላከቻት። በከተማችን ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩ። ካርድ የለም፣ መሸኛ የለም፤ ያለው የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን አነበበና አንድ ገጽ የሒሳብ ጥያቄና አንድ አንቀጽ የእንግሊዝኛ ንባብ ሰጥቶ ቢሮው ውስጥ አስቀመጣት። ሲሦና ሩብ ሲደመር ስንት ይሆናል ለሚለው ሁለት ሰባተኛ ብላ መለሰች። የቀረውን ግን ደህና አድርጋ ሠራችው። እኔ ዕድሜዬን ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝና አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ሳቀና «ይህን የማይስት የ7ኛ ክፍል ልጅ ገና አላየሁም፤ ትግባ» አለ። ገባች። ሁለት ዓመት ተምራ ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወሰደች።

አሁን ደግሞ የካቶሊክ ትምህርት ቤቱን አሰብን። ለምን እንደሆነ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ነግሮናል። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ ተብሎ ደስ ብሎን ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ ወላጅ ሥርዓት አለው፣ መምህር አይቀርበትም ወደተባለ ትምህርት ቤት ቢሮጥ አይፈረድበትም። የአዲስ አበባዎቹ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ቅዱስ ዮሴፍ፣ ናዝሬትና ካቴድራል ያተረፉት ስምም እዚህ ድረስ ይሰማል።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ቅጹ ላይ «ሃይማኖት» የሚል ሳጥን አለ፤ «እስልምና» ብለን ሞላን፤ ቅጹን የተቀበለችን ሲስተር ቀና ብላ እንኳን አላየችንም። እንዲህ ያለውን ነገር እዚህ አገር ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ በእኔው ዘመዶች መካከል የአባቱና የአያቱ ስም ሁለት ሃይማኖት የሚጠቅስ ሞልቷል። «ልጅቷን ያጠምቁብሃል» ላሉኝ ጥቂት ጎረቤቶችም መልሴ አጭር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት አለበት ይላል፤ ትምህርት ቤቱም የሚያስተምረው የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ስለዚህ በሃይማኖት በኩል የምከሰው ማንም የለም።

ሲስተሯ ቅጹን በማስመሪያ እየተከተለች መስመር በመስመር አየችው። የልደት ምስክር ወረቀት አለ። ጉርድ ፎቶ አለ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ካርድ አለ። የ5ኛና የ6ኛ ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት «የትምህርት ቤቱ ሰነዶች በጦርነቱ ወድመዋል» ብሎ በማኅተም ያረጋገጠበትን ደብዳቤ አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ «ጋሼ፣ ደብዳቤው ካርዱ መጥፋቱን ይናገራል እንጂ ውጤቷን አይናገርም» አለችኝ። በጨዋ ደንብ ነው የመለሰችን፤ ከፊታችን የነበረችውን ከላስታ የመጣች እናትም እንዲሁ ነው የመለሰቻት። ሲስተሯን አልወቅስም። መመሪያ ተሰጥቷታል፣ መመሪያውን ትፈጽማለች።

መመሪያውን ግን እወቅሳለሁ፤ የምወቅሰውም ምክንያቱን ስለማውቅ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚፈራው ሐሰተኛ ካርድ ነው። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ በዚህ አገር ማስረጃ በሐሰት ማሠራት የቱን ያህል እንደተስፋፋ ለማወቅ የግድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መግባት አያስፈልግም። እንግዲህ መመሪያው ማንን እንደሚያስቀር ማንን እንደሚያስገባ እንይ። ካርዴ ተቃጥሏል ብሎ እውነቱን የተናገረ ልጅ ይመለሳል። ማኅተም የሚቀርጽ ሰው የሚያውቅ ወላጅ ግን በሳምንት ውስጥ የ5ኛንም የ6ኛንም ካርድ ይዞ ይመጣል፤ አማካዩም ከ90 በታች አይሆንም። ከበሩ ወጣ እንዳልን «እኔ የማውቀው ሰው አለ» ብሎ ስልክ ሊሰጠኝ የሞከረ ወላጅ ገጥሞኛል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዝኖልኝ ነው። ሐሰትን ይከላከላል የተባለው መስፈርት ሐሰተኛውን አሳልፎ ሐቀኛውን የሚያስቀር ከሆነ ጥበቃው ለማን ነው?

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና ያለው መሆኑ ነው። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ ይፈትናል። የልጁን ችሎታ በገዛ ዓይኑ የሚያይበት መንገድ እያለው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ መምህር የሰጠውን ውጤት ካላየሁ ብሎ ፈተናው ላይ እንኳን እንዳይቀመጥ ይከለክላል። ከሥልሳ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የዋልኩ መምህር ነኝ፤ የ5ኛ ክፍል አማካይ ውጤት ስለ 9ኛ ክፍል ተማሪ ምን ያህል እንደሚናገር አውቃለሁ። እምብዛም አይናገርም። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን ይናገራል። ፈተናው ክልላዊ በመሆኑ ውጤቱ ከተቃጠለው ካቢኔ ውስጥ አልነበረም፤ አረጋግጡልን ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ችግሩ ምዝገባው የሚዘጋው ውጤቱ ሳይወጣ ነው። በእጁ ሊገባ ያለውን አስተማማኝ ማስረጃ ሳይጠብቅ የጠፋውን ካርድ የሚጠይቅ አሠራር፣ ሚዛኑ ሳይደርስ እህሉን በእፍኝ ሰፍሮ እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ሙስሊም ሆኜ ለካቶሊኮች የራሳቸውን ትምህርት ማስታወሴን ድፍረት እንደማይሉብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ላይ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ለድሆች፣ የቤተሰብ ድጋፍና ፍቅር ለጎደላቸውና ከእምነቱ ውጪ ላሉ የተለየ እንክብካቤ እንዲያደርጉ ይላል። ይህን ያነበብኩት ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ አባ ካዋሱኝ መጽሐፍ ላይ ነው፤ አልረሳሁትም። የተፈናቀለ የወሎ ልጅ ሦስቱንም ያሟላል፤ ሌላው ቀርቶ የእኔዋ ብቻዋን ሦስቱንም ናት። የ1977ቱን ድርቅ ያየ ሰው ደግሞ ካቶሊክ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት እርዳታው ነው። ትምህርት ቤቱን ስናምነው ባዶ እጃችንን አይደለም ማለቴ ነው።

ሌሎችም ጉዳዮች አሉ፤ ባጭሩ ልለፋቸው። ከራሱ 8ኛ ክፍል የሚያልፉት ወንበራቸውን ከያዙ በኋላ ለአዲስ ገቢ ስንት ቦታ እንደሚቀር ማስታወቂያው ላይ ቢጻፍ፣ ብዙ ወላጅ ለማይመለስ የቅጽ ክፍያ ገንዘቡን አያወጣም ነበር። የወላጅ ቃለ መጠይቅ ከፈተናው በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ። ወርሃዊውን መክፈል ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ልጁ ሳይፈተን የአባቱ ደመወዝ ሲጠየቅ ግን ሰው ሌላ ነገር ያስባል። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን ግን አልቃወምም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና ልጆቻችን መልመድ አለባቸው። የሒሳቡ ጥያቄ ብቻ ረጅም ታሪክ እየተረከ የቋንቋ ፈተና ባይሆን ጥሩ ነው፤ በአማርኛ ሲማር የኖረ የገጠር ልጅ ስሌቱን እያወቀው ዐረፍተ ነገሩ ላይ ይቀራል።

የእህቴን ልጅ በተመለከተ፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስመዝግቤያታለሁ። በዚያም አላፍርም፤ ወሎን ወሎ ካደረጉት ሰዎች ስንቶቹ ከደሴው የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት እንደወጡ ይታወቃል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለእሷ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ከላስታ፣ ከግዳን፣ ከደላንታ፣ ከዋድላ መጥተው ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ከዘመድ ተጠግተው የሚማሩ፣ ከመካከላቸውም ይህን ፈተና በሚገባ የሚያልፉ ልጆች አሉ።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ወሎን የሚያጠቃልለው የባሕር ዳርና ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ከተቋቋመ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ጉዳዩን የሚያቀርቡለት አካል ቅርብ ሆኗል፤ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ብቻውን መወሰን የሚከብደው ከሆነ እዚያ ያቅርበው። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትጨመር በቂ ናት፤ «በጦርነቱ ምክንያት ማስረጃቸው የጠፋ አመልካቾች ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አቅርበው ለመግቢያ ፈተና መቀመጥ ይችላሉ፤ ያለፉትም በክልላዊ ፈተና ውጤታቸው ተረጋግጦ ይመዘገባሉ» የምትል። ምዝገባው ሳይዘጋ መድረስ አለባት፤ የተመለሱትም ወላጆች ስልክ ቁጥራቸው ቅጹ ላይ ስላለ ተደውሎ ሊነገራቸው ይችላል። ተመሳሳይ መስፈርት የለጠፉ ሌሎች የግል ትምህርት ቤቶችም ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር
ከደቡብ ወሎ