የሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ ሰው ያጣ አገርና ደረቅ ወንዝ

ዓመቱን በ31 አባላት ጀምረን በ14 ጨረስን። ገሚሱ ወደ ሚኒ ሚዲያ ኮበለለ፤ እዚያ ማይክ አለ። የቀረውን የድሬ ሙቀት ወሰደብን። ሐሙስ ከሰዓት በዚያ ቆርቆሮ ሥር ቁጭ ብሎ ልብ ወለድ ማንበብ ቀላል አይደለም፤ አልፈርድባቸውም።

14ቱ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ሲከራከሩ ከረሙ። ደራሲ የቱን ያስቀድም? ሴራውን (የድርጊቱን ሰንሰለት)፣ ገጸ ባሕርያቱን ወይስ መቼቱን? አሪስቶትል ሴራን የትራጄዲ ነፍስ ብሎ ገጸ ባሕርይን ሁለተኛ ማድረጉን ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሴራ ወገኖች ሰው ይጨርሱ ጀመር። በአንድ የሦስት ገጽ ታሪክ ውስጥ አራት ሞት፣ አንድ ጠለፋና አንድ ሠርግ ቆጥሬያለሁ። "ሁለተኛው ሟች ምን ይወድ ነበር?" ብዬ ጸሐፊውን ብጠይቀው "አቦ ቲቸር፣ ሞቷል እኮ!" አለኝ።

በሌላው ጫፍ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረን። ደብተር ሙሉ አገር ፈጠረ። ካርታው፣ ገንዘቡ፣ የነገሥታቱ ስም፣ የራሱ ፊደል ሳይቀር አለው። እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት። ታሪኩ ግን አይጀመርም፤ ሁልጊዜ "ገና አልጨረስኩም" ነው። ጥር ላይ አንዷ ልጅ ደብተሩን አገላብጣ "እዚህ አገር ሽንኩርት የሚሸጠው ማነው?" አለችው። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። በሳምንቱ ማንበብ የማይችል የኬላ ቀረጥ ሰብሳቢ ይዞ መጣ። ሰውዬው የሚያልፈው ሁሉ የሚያሳየውን ወረቀት አገላብጦ ያይና ያነበበ ይመስላል። ያ ሁሉ የተደከመበት ፊደል ያኔ ሥራ አገኘ።

እኔ ወገንተኛ ነኝ፤ ሰው ይቀድማል ባይ ነኝ። መቼት ላይ ደግሞ ልጆቻችን ያናድዱኛል። ቃሉ ከ"መቼ" እና ከ"የት" የተሠራ ነው፤ የእነሱ "የት" ግን አዲስ አበባ፣ "መቼ"ውም ክረምት ነው። ድሬ ተወልዶ ያደገ ልጅ ጀግናውን ካፖርት አልብሶ ጭጋግ ውስጥ ያቆመዋል። ንግግሩም እንደዚያው ነው። ቤቱ አባቱን "አንተ" የሚል ልጅ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን እንደ ቴሌቪዥን ድራማ "እርስዎ" ይላል።

መጋቢት ላይ ደብተር አስይዤ ከከዚራ ወደ መጋላ በእግር ወሰድኳቸው። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለየው ደቻቱ ላይ ቆምን። ወንዝ ይባላል እንጂ አሸዋ ነበር፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስትጽፍ ቆየች፤ ውጤቱን ያየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እናት ልጇን ወደ መጋላ ትልከዋለች። ሰማዩ ጠራርቷል፤ ከተማው ጠብታ አላየም። ልጁ የሚያስበው ግጥሚያው ሳይጀመር መመለስን ብቻ ነው። ደጋው ላይ ግን እየዘነበ ነው። ታሪኩ ውስጥ "ጎርፍ" የሚል ቃል የለም። የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሲመጣ እነዚህ ልጆች አልተወለዱም፤ ግን በየቤቱ ሲወራ አድገዋል፤ ስለዚህ የድሬ አንባቢ ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ ትንፋሹን ይይዛል። እዚህ ላይ ክርክሬን ተረታሁ። ወንዙ ራሱ ሴራ ይዞ መጣ፤ ያውም ሰው ሳይሞት።

በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ አስነበብናት። (ለካ ማይኩ ይጠቅማል።) ግቢው ጸጥ አለ። ሲያልቅ ሁሉም "ልጁ ተሻገረ?" እያለ ከበባት። "አልጻፍኩትም" አለች፤ አለቀ። ታሪኩ በዚህ መጽሔት ወጥቷል፤ መጨረሻውን ገልጣችሁ አትፈልጉ፣ እኔም ለምኜ አልነገረችኝም።

ለመጪው ዓመት ክበቡ የሚጠይቀው አንድ ቬንቲሌተር ነው።